የላንድክሩዘር ሀርድቶፕን ፋን ክላች በቤት ስለመቀየር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት መልሶች በዋናነት የተዘጋጁት 1ኤችዜድ የተሰኘው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ለተገጠመላቸው ላንድክሩዘሮች ባለቤቶችና ሾፌሮች ነው። በአሮጌዎቹ የናፍጣ ሃይሉክሶች ላይም ሥራው ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው። ሞተሩ ከወንበር ሥር በሚገኝበት በሃይሩፍ ላይ ግን እጅ ማስገቢያው ጠባብ ስለሆነ ለጀማሪ አይመከርም።

ፋን ክላች ሥራው ምንድን ነው? ፋኑ በቀጥታ ቢታሰር ምን ይጎድላል?

ፋን ክላች ፋኑን ከሚያዞረው ፑሌጃ ጋር የሚያያይዝ፣ እንደ ሙቀቱም የሚያጠብቀው ወይም የሚያላላው ዕቃ ነው። የራዲያተሩ ፋን ጉልበቱን የሚያገኘው ሞተሩ በቺንጋ ከሚያዞረው የውሃ ፓምፕ ፑሌጃ (የቺንጋ መዘውር) ነው። ያለ ክላች ቢታሰር ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር እሱም እኩል ይፈጥናል፤ ይሁን እንጂ መኪናው በረጅም ማርሽ በሚሄድበት ጊዜ ከፊት የሚገባው ነፋስ ብቻውን ራዲያተሩን ለማቀዝቀዝ ስለሚበቃ የፋኑ ድካም ከንቱ ይሆናል። ኪሳራው ደግሞ ቀላል አይደለም። የአንድ ፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ በከፍተኛ ዙር ያለማቋረጥ የሚሽከረከር ፋን ናፍጣ ይበላል፣ የሞተሩን አቅም ይሻማል፣ ጩኸቱም ያሰለቻል።

ክላቹ ይህን የሚያስቀረው በውስጡ ባለው ወፍራም የሲሊኮን ዘይት አማካይነት ነው። ከፊቱ፣ ማለትም ወደ ራዲያተሩ በሚያይበት በኩል፣ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ጥቅልል ስፕሪንግ አለ። በራዲያተሩ ውስጥ አልፎ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ስፕሪንጉ ይጠመዘዝና በክላቹ ውስጥ ያለችውን ትንሽ በር ይከፍታል፤ ዘይቱም ከማጠራቀሚያው ወጥቶ ቦይ ቦይ በተቆፈረባቸው ሁለት ገጽታዎች መካከል ይገባና እንደ ማር እየተሳበ አንዱ ክፍል ሌላውን እንዲጎትት ያደርጋል። አየሩ ሲቀዘቅዝ በሩ ይዘጋል፣ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፣ ፋኑም ይላላል። ጤነኛ ክላች ፋኑን ፈጽሞ አያቆመውም፤ ፈጽሞም አይቆልፈውም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልብ ይበሉ፦ ክላቹ የሚያነበው የአየሩን ሙቀት እንጂ የውሃውን ሙቀት አይደለም። ከዚህ በታች ስለ ምርመራ የሚባለው አብዛኛው ነገር ከዚህ ይመነጫል።

የእኔ መኪና ፋን ክላች ይኖረው ይሆን?

ኮፈኑን ከፍተው ይመልከቱ። ፋኑ በሞተሩ ፊት በፑሌጃ ላይ ከተቀመጠና መሃሉ ላይ ክንፍ ክንፍ ያለው የአሉሚኒየም ከበሮ ካለ፣ ያ ከበሮ ፋን ክላች ነው። እንደ ቪትዝና ኮሮላ ያሉ ሞተራቸው በአግድም የተቀመጠ የቤት መኪናዎች ፋናቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከታቸውም።

ክላቹ መበላሸቱን በምን አውቃለሁ?

ከሁሉ በፊት የሙቀቱን ጠባይ ያጥኑ። መኪናው በሜዳ መንገድ በጥሩ ፍጥነት ሲሄድ የሙቀት መለኪያው በቦታው ሆኖ፣ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ሲቆም ወይም በዝቅተኛ ማርሽ ረጅም ዳገት ሲወጣ ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ፣ የጎደለው የአየር ፍሰት ነውና ጥርጣሬው ወደ ፋኑ፣ ወደ ክላቹና ፋኑን ዙሪያውን ወደሚከበው መከለያ ያመራል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን ጭኖ የሚወጣ መኪና ጥሩ ማሳያ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ በዝግታ ሲወጣ ሞተሩ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፣ ከፊት የሚገባው ነፋስ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በአንጻሩ ሙቀቱ የሚጨምረው በአውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ሲነዱ ከሆነ ክላቹን ይተዉትና የራዲያተሩን ውስጣዊ መዘጋት፣ ቴርሞስታቱን ወይም የውሃውን መጉደል ይመርምሩ።

ቀጥሎ የእጅ ምርመራ ይመጣል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ከመክፈቻው ወጥቶ በኪስዎ ውስጥ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ፋኑን በእጅዎ ያዙሩት። ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ለስለስ ያለ፣ ነገር ግን የማያቋርጥ መያዝ ሊሰማዎት ይገባል። ገፋ አድርገው ሲለቁት ያለ ምንም መያዝ ደጋግሞ የሚዞር ፋን ዘይቱ አልቋል ማለት ነው። ከዚያም መኪናውን በሚገባ ነድተው ሙቀቱ ሲጨምር ያጥፉትና ምርመራውን ይድገሙ፤ አሁን መያዙ ከቀድሞው በግልጽ መጠንከር አለበት። በቀዝቃዛውና በሙቁ መካከል ልዩነት ከሌለ ስፕሪንጉ ወይም የውስጡ በር ሥራውን ትቷል። በሁለቱም ጊዜ ድርቅ ብሎ ከፑሌጃው ጋር ብቻ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ክላቹ ተቆልፏል፤ እንዲህ ያለው መኪና አይሞቅም፣ ነገር ግን በማንኛውም ዙር ላይ ያጓራል፣ ናፍጣም ይጨርሳል።

የፋኑን የቅጠል ጫፍ ይዘው ወደ ራዲያተሩና ወደ ሞተሩ ይግፉትና ይሳቡት። ጫፉ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ መወዛወዝ ካለ የክላቹ ኩሽኔታ አልቋል፤ ሆኖም ተመሳሳይ መወዛወዝ ከውሃ ፓምፑ ኩሽኔታም ሊመጣ ስለሚችል ፑሌጃው አብሮ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ያስተውሉ። በመጨረሻም ከበሮውን በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ከመሃል ወደ ዳር የተረጨና አቧራ የያዘ ቅባት ካለ ሲሊኮኑ እየወጣ ነው።

የሚሽከረከርን ፋን በተጠቀለለ ጋዜጣ ወይም በእንጨት ለማስቆም መሞከር እንደ ምርመራ ሲነገር ይሰማል። ፈጽሞ አያድርጉት። ቅጠሉ ቢሰበር የሚበረው ወደ ፊትዎ ነው።

ሙቀት ጨመረ ማለት ሁልጊዜ ክላቹ ነው?

አይደለም፤ እንዲያውም ያለ ጥፋቱ የሚቀየር ክላች ብዙ ነው። ጭቃና ሣር የራዲያተሩን ክንፎች ሲዘጋ ሙቅ አየር በበቂ መጠን ወደ ስፕሪንጉ አይደርስም፤ ክላቹም ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ቆጥሮ ፋኑን አያጠብቅም። ያን ጊዜ ሾፌሩ የፋኑን ድምፅ ስለማይሰማ ክላቹ ሞተ ይላል። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ ያጥቡት። የኤሲ ኮንደንሰር ከፊቱ ካለ በሁለቱ መካከል የታመቀውን ቆሻሻም አይርሱ፤ ጠጠር መንገድ የለመደ መኪና እዚያ መሃል የሚደብቀው አቧራ ያስገርማል።

የራዲያተሩ ክዳንም መታየት ይኖርበታል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ክፍት በሆነ ዕቃ የተጣደ ውሃ በግምት በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። መኪናዎ ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝና በውሃው ውስጥ ኩላንት ስላለ ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ፣ ወይም ራዲያተሩ በባዶ ውሃ ብቻ ከተሞላ፣ ጤነኛ ክላችም አይታደገውም።

ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ያጓራል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ጉድለት ነው?

ጉድለት አይደለም። መኪናው ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ሥራ ክፍሉ ስለሚወርድ ፋኑ ለመጀመሪያው ደቂቃ ወይም ለሁለት ያህል ጠብቆ ይዞራል፤ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ሲመለስ ድምፁ ይጠፋል። ይህን ድምፅ ድሮ ይሰሙ ከነበረና አሁን ከጠፋ ነው መጠራጠር ያለብዎት።

ዘይቱን ብቻ ሞልቼ ክላቹን ማዳን እችላለሁ?

በአንዳንዶቹ ላይ ይቻላል። በብሎኖች የተዘጋ የቶዮታ ክላች ተከፍቶ ሊሞላ ይችላል፤ ዳር ዳሩ ተጨፍልቆ የታሸገ ግን አይከፈትም። ቶዮታ ለዚሁ ሥራ የሚያቀርበው የሲሊኮን ዘይት በ18 ሚሊ ሊትር ቱቦ ተሞልቶ የሚሸጥ ሲሆን፣ በተለያየ ውፍረት ይገኛል። ዘይቱ በወፈረ መጠን ክላቹ ጠንክሮ ይይዛል፤ ለሞቃት አገርና ለከባድ ጭነት ብዙዎች የሚመርጡት 10,000 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) የሚባለውን ነው። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት ወይም የፍሬን ዘይት ምትክ አይሆንም፤ እንደ ሲሊኮን የመጎተት ጠባይ የላቸውም፣ ሲሞቁም ይቀጥናሉ።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ኩሽኔታው ያልተወዛወዘ፣ ውጩም ደረቅ የሆነ የጃፓን ክላች በእጅዎ ካለ መሙላቱ ተገቢ ነው፤ በእርጅና ደክሞ እንጂ ተሰብሮ አይደለምና። ዘይቱ ከዘንጉ በኩል እየወጣ ከሆነ ግን የሞሉትም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ከሞሉ በኋላ የቀድሞውን የላስቲክ ቀለበት እንደገና መጠቀምም ቁጠባ አይባልም።

መካኒኩ በብሎን ይታሰር ወይም ይበየድ አለኝ። ልስማማ?

ከጎረቤት ከተማ ጋራዥ ለመድረስ ያህል ማሰር ሊታገሡት የሚችሉት የመንገድ ዘዴ ነው፤ ቋሚ መፍትሔ ግን አይደለም። የታሰረ ፋን የሞተሩን ዙር ያለ ምሕረት ይከተላል። ቅጠሎቹ ላልተሠሩበት ፍጥነት ሲጋለጡ ሥራቸው ላይ ይሰነጠቃሉ፣ የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ይጎዳል፣ ቺንጋውም ቶሎ ያልቃል። ወንዝ በሚሻገር መኪና ላይ ደግሞ ከዚህ የከፋ አደጋ አለ፦ ፋኑ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቅጠሎቹ ውሃውን እየገፉ ወደ ፊት ይታጠፉና ራዲያተሩን ይቆርጡታል። የሚሠራ ክላች በዚህ ጊዜ ስለሚንሸራተት አደጋውን ይቀንሳል፤ የታሰረው ግን አይንሸራተትም። መበየዱ ደግሞ ዕቃውን ዳግመኛ ለጥገና እንዳይሆን አድርጎ ያበላሸዋል።

ዕቃውን ስገዛ ምን ልመልከት?

በሊብሮው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዘው ይሂዱ። በአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ ውስጥ የላንድክሩዘር ብለው ከጠየቁ የሚቀርቡልዎት ክላቾች በውጭ መልካቸው ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን የዘንጉ ቁመት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀትና ስፕሪንጉ የሚነቃበት ሙቀት ከሞተር ሞተር ይለያያል። ከተቻለ አሮጌውን አስቀድመው ይፍቱና ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስተያይተው ይግዙ። ቁመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢረዝም ፋኑ ወደ ራዲያተሩ ይጠጋል፤ ቢያጥር ከመከለያው ወደ ኋላ ይወጣል።

አይሲን የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለቶዮታ ፋን ክላች ከሚያመርቱት አንዱ ስለሆነ፣ በቶዮታ ካርቶን ያልመጣ የአይሲን ዕቃ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ማርካው ተመስሎ የተለጠፈበት ሐሰተኛ ዕቃ መኖሩን ግን አይዘንጉ። በእጅዎ ይዘው ያዙሩት፤ ሲዞር የሚንኳኳ፣ በአንድ ቦታ ጠብቆ በሌላው የሚላላ፣ ወይም ስፕሪንጉ ጫፉ ላይ በደንብ ያልተያዘ ከሆነ ይመልሱት። ከመኪና ላይ የተፈታ ያገለገለ ክላች መግዛት ዕድልን መሞከር ነው፤ ሙቀት ላይ ያለውን ጠባይ ሱቅ ውስጥ ማየት አይቻልም።

ከገዙ በኋላ ዕቃውን በመኪናው ላይ በሚቀመጥበት አኳኋን፣ በጠርዙ አቁመው ያስቀምጡ። ዘንጉ ወደ ታች ሆኖ ለብዙ ቀን ከተኛ ዘይቱ በኩሽኔታው በኩል ሊያመልጥ ይችላል።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

10 እና 12 ቁጥር ቁልፎችና ቡሶላዎች፣ የዲናሞውን ብሎኖች ለመፍታት ደግሞ ተለቅ ያሉ ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት ማላቀቂያ ቅባት፣ የራዲያተሩን ስፋት የሚያህል ጠንካራ ካርቶንና ጥሩ መብራት ይበቃሉ። ከዳዶዎቹ ኋላ ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ቀጭን ቁልፍ ከቡሶላ ይልቅ ይጠቅማል። መኪናውን በክሪክ ማንሳት አያስፈልግም፤ በአብዛኛው ውሃውን ማውረድም አያስፈልግም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ግማሽ ቀን ይመድብ።

ሥራውን በምን ቅደም ተከተል ላከናውን?

መኪናውን በደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሞተሩም ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ፤ ሁለት ባትሪ ካለው የሁለቱንም። ካርቶኑን በራዲያተሩና በፋኑ መካከል ያስገቡት። ይህ ካርቶን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚህ ሥራ ከሚመጣ ጉዳት ውስጥ ውዱ የሚደርሰው ቁልፍ አምልጦ የራዲያተሩን ክንፍ ሲመታ ነው።

የፋኑን መከለያ የያዙትን ብሎኖች ፈትተው መከለያውን ወደ ሞተሩ በኩል ያስጠጉት። ሙሉ በሙሉ ሊያወጡት አይችሉም፤ ፋኑ አብሮት ካልወጣ በቀር አያልፍም።

አሁን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ወደሚሆንበት ቦታ ደርሰዋል። ክላቹን ከውሃ ፓምፑ ጋር ያያዙት አራት ዳዶዎች የሚፈቱት ቺንጋዎቹ ገና በጠበቁበት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው በተፈጥሮ ስሜት ቺንጋውን አስቀድሞ ያላላና ዳዶውን ለመፍታት ሲታገል ፑሌጃው በእጁ ይዞርበታል፤ ከዚያ ፋኑን በካቻቢቴ ለመያዝ ሲሞክር ቅጠል ይሰብራል። ስለዚህ በአንድ እጅዎ ቺንጋውን ወደ ውስጥ ተጭነው እየወጠሩ፣ በሌላው እያንዳንዱን ዳዶ ሩብ ዙር ያህል ብቻ ያላሉት። አራቱም ከላሉ በኋላ የዲናሞውን የመወጠሪያና የማሰሪያ ብሎኖች ፈትተው ቺንጋዎቹን ያውጡ። ቀጥሎ ዳዶዎቹን ጨርሰው ይፍቱ፤ የመጨረሻውን ሲፈቱ ፋኑን ከሥር ይደግፉት፣ ምክንያቱም ፑሌጃውም በእነዚሁ አራት ዳዶዎች የተያዘ ስለሆነ አብሮ ይለቃል። ፋኑን ከነክላቹና ከመከለያው ጋር በአንድነት ወደ ላይ ያውጡ። የላይኛው የውሃ ጎማ ቱቦ ካገደዎት ብቻ ጥቂት ውሃ ቀንሰው እሱን ይፍቱ።

ፋኑን ከአሮጌው ክላች ከመለየትዎ በፊት ወደ ራዲያተሩ የሚያየውን ፊት በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ተገልብጦ የተገጠመ ፋን ይዞራል፣ ድምፅም ያሰማል፣ አየር ግን በሚገባ አይስብም፤ ባለቤቱም አዲሱን ክላች ይረግማል። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ሥራቸው ላይ ይመርምሩ፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ያለበት ፋን መልሶ አይገጠምም፣ በማጣበቂያም አይጠገንም።

ፋኑ በወጣበት አጋጣሚ የውሃ ፓምፑን ዘንግ በእጅዎ ያዙሩትና ያወዛውዙት። ሻካራ ድምፅ ካለው፣ ወይም ከሥሩ ባለችው የማስተንፈሻ ቀዳዳ የደረቀ የኩላንት ቀለም ከታየ፣ ፓምፑን አሁኑኑ ይቀይሩ። ነገ ለእሱ ሲሉ ይህን ሁሉ ደግመው ከመፍታት ያድንዎታል። የተሰነጣጠቁ ቺንጋዎችንም በዚሁ ሰዓት ይቀይሩ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሠሩ ስለሆኑ በጥንድ እንጂ በነጠላ አይቀየሩም፣ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ጭነቱን አዲሱ ብቻ ይሸከማልና።

መግጠሙ የመፍታቱ ግልባጭ ነው። የፓምፑንና የፑሌጃውን መገናኛ ገጽ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ የዝገት ቅርፊት ከመሃል ከቀረ ፋኑ ተጣሞ ይቀመጥና መርገብገብ ያመጣል። አዲሱን ክላች ከፋኑ ጋር ካሰሩ በኋላ ከመከለያው ጋር አንድ ላይ አስገብተው፣ ፑሌጃውን በቦታው አድርገው፣ አራቱን ዳዶዎች በእጅ ብቻ ያስይዙ። ከዚያ ቺንጋዎቹን ያስገቡና ይወጥሩ፤ ዳዶዎቹን በቁልፍ የሚያጠብቁት ከዚህ በኋላ፣ ቺንጋው ፑሌጃውን ሲይዝልዎት ነው። በተቃራኒ አቅጣጫ ያሉትን እያፈራረቁ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ በአምራቹ መመሪያ ላይ በተጻፈው ኃይል ያጥብቁ። ብሎኖቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ረጅም ቁልፍ ይዞ በሙሉ ጉልበት መሳብ ይበጥሳቸዋል።

ዳዶው አልፈታ ቢለኝስ?

ማምሻውን ዝገት ማላቀቂያ ቀብተው ያሳድሩት። የዳዶው ማዕዘን እንዳይበላ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ይጠቀሙ። በነበልባል ማሞቅ ግን አይገባም፤ ከጀርባው የውሃ ፓምፑ ማኅተምና ኩሽኔታ አሉ፣ ክላቹም የታሸገ ዘይት የያዘ ዕቃ ነው።

የሌላ ፋብሪካ መኪና ያላቸው አንባቢዎች ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ያሻቸዋል። እንደ ፎርድና ጂኤም ባሉ የአሜሪካ ፒክአፖች በብዙዎቹ ላይ፣ በአሮጌ ቢኤምደብሊው መኪናዎችም ላይ፣ ክላቹ በአራት ዳዶ ሳይሆን በአንድ ትልቅ ዳዶ በፓምፑ ዘንግ ላይ ይጠመዘዛል። የቢኤምደብሊው ባለ 32 ሚሊ ሜትር ዳዶ ክሩ ግራ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ በማዞር ነው። አቅጣጫውን ሳያረጋግጡ መግፋት ይበልጥ ያጠብቀዋል።

የፋኑ መከለያ ተሰብሮ ከተጣለ ቆይቷል። ያለ እሱ መንዳት እችላለሁ?

ይነዱ ይሆናል፤ አዲሱ ክላች ግን የከፈሉበትን ያህል አይሠራልዎትም። መከለያው ጌጥ ወይም የእጅ መጠበቂያ ብቻ አይደለም። ፋኑ ክብ ነው፣ ራዲያተሩ አራት ማዕዘን፤ መከለያው ከሌለ ፋኑ የሚስበው ከፊቱ ካለው የራዲያተሩ መሃል ብቻ ሲሆን፣ ቀሪውን አየር ከጎን፣ ከሞቀው የሞተር ክፍል ራሱ መልሶ ይስባል። ማዕዘኖቹ አየር ሳያልፍባቸው ይቀራሉ። ያለ መከለያ የሚሄድ መኪና ላይ ክላች ደጋግመው የሚቀይሩ ሰዎች አሉ፤ ገንዘቡን አንድ ጊዜ መከለያው ላይ ቢያውሉት ይሻላቸው ነበር። የተሰነጠቀ ከሆነ በሽቦ ሰፍቶ ማቆየት ይቻላል፣ ሽቦው ግን ፋኑን መንካት የለበትም።

ከገጠምኩ በኋላ ምን ላረጋግጥ?

ካርቶኑን ማውጣትዎን ከሁሉ አስቀድመው ያረጋግጡ። ፋኑን በእጅዎ ሙሉ ዙር አዙረው በቅጠሎቹና በመከለያው መካከል ያለው ክፍተት ዙሪያውን ተመጣጣኝ መሆኑን ይዩ፤ በአንድ በኩል የሚጠጋ ከሆነ የመከለያውን ብሎኖች አላልተው ያስተካክሉ። ባትሪውን መልሰው ሞተሩን ሲያስነሱ ከፋኑ ትይዩ አይቁሙ። መርገብገብ ወይም የመፋተግ ድምፅ ካለ ወዲያው ያጥፉ። አዲስ ክላች መጀመሪያ ላይ ማጓራቱ የሚጠበቅ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በቆመበት ዙሩን ከፍ አድርገው ጥቂት ያቆዩት፤ ራዲያተሩ ሲግል የፋኑ ድምፅ በድንገት መጠንከሩን፣ ሲቀዘቅዝም መልሶ መላላቱን ከሰሙ ክላቹ እየሠራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ የአራቱን ዳዶዎች መጥበቅና የቺንጋውን ውጥረት ደግመው ይመልከቱ፤ አዲስ ቺንጋ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ይላላል።

በኤሌክትሪክ ፋን ብተካውስ?

ለሀርድቶፕ አልመክረውም። በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው ፋን ክላች ከሞተሩ የሚወስደው ጉልበት በርካታ የፈረስ ጉልበት ነው፤ ያንን ያህል አየር በኤሌክትሪክ ለመሳብ ዲናሞውም፣ ሽቦውም፣ ሪሌውም መለወጥ ይኖርበታል። በትርፍ ሰዓት ጭቃና ወንዝ የሚያየው መኪና ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ የሽቦ ማያያዣ አንድ ተጨማሪ የብልሽት በር ነው። በከተማ ብቻ ለሚሄድ ቀላል መኪና ክርክሩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ክላቹ መንገድ ላይ ቢሞትብኝ እንዴት ልድረስ?

ኤሲውን ያጥፉ፣ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነውና ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ዳገቱን ከቀኑ ሙቀት ውጭ፣ በማለዳ ወይም በምሽት ይውጡት። መለኪያው ወደ ቀይ ሲጠጋ ከመንገድ ወጥተው የመኪናውን ፊት ወደ ነፋሱ አዙረው ያቁሙ፣ ኮፈኑን ይክፈቱ፣ ውሃው የማይፈላና የማይፈስ ከሆነ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ይተዉት። ውሃ ከጎደለ ወይም እንፋሎት ከወጣ ግን ያለ ማመንታት ያጥፉት። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይንኩ፤ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አያፍሱ። እንዲህ የተገደደ ሞተር የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ጓርኒሲዮን ያቃጥላል፣ አልፎም ቴስታታውን ይሰነጥቃል፤ የዚያ ጥገና ዋጋ ደግሞ ከፋን ክላች ጋር አይወዳደርም።